የአባቴ ሁለት መድኃኒቶች

ዓለም ባንክ ፌርማታ ላይ አባቴ ሰክሮ ታየ የተባለው ሐሙስ ቀን ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ለታክሲ ተሰልፎ ሳለ። የመብራት ምሰሶ አቅፎ ቆሞ ነበር አሉ። ምሰሶውን ይለቅና ሁለት እርምጃ ይራመዳል፤ ወደ ግራ ሲያዘነብል ተመልሶ ያቅፈዋል። ከተሰለፉት አንዷ «እኚህ ሰውዬ የቸርች ሽማግሌ አይደሉም እንዴ?» ስትል፣ ሌላዋ «ታዲያ ሽማግሌ አይጠጣም ያለሽ ማነው?» ብላ ሰልፉን አሳቀችው። ይህን የነገረችኝ ደግፋ ቤት ያመጣችው ጎረቤታችን ናት። ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችኝም።

አባቴ በዕድሜው ሙሉ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም።

ወደዚያ ሐሙስ ከመመለሴ በፊት ማን እንደነበርን ልንገራችሁ። እኔ ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ቤቴል በተከራየኋት አንዲት ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ብቸኛ ልጅ ነኝ። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። አባቴ፣ አቶ ዘለቀ፣ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። በጉልምስናው ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበር፤ የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀመ የሚደረድር ባለሙያ። አንድ ቀን እዚያው ሥራ ላይ ሳለ ወደቀና ተንፈራገጠ። ሲነቃ ወለሉ መሀል ብቻውን ነው፤ ጓደኞቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አንዱ እንዲያሸትት ብሎ የጫረውን ክብሪት በጣቱ ይዞ ነበር። በማግሥቱ የሻይ ብርጭቆው ቂጥ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ አገኘው፤ የእሱ ከሌሎቹ እንዳይቀላቀል። ማንም ምንም አላለውም። አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ብርጭቆ ጠጣ። ከዚያ ሥራውንም ሰፈሩንም ለቆ እናቴንና እኔን ይዞ ወደ ኮልፌ መጣ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ሐኪም ካርባማዜፒን የሚባል ኪኒን ጠዋትና ማታ እንዲወስድ አዘዘለት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልወደቀም። እናቴ ኪኒኑን ከማሸጊያው እያወጣች ባዶ የቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ ትጨምረው ነበር። ስትሞት ሥራው ወደ እኔ ተላለፈ። እኛ ቤት «የሚጥል በሽታ» የሚባል ቃል አይነሳም። «ቫይታሚኔን ስጪኝ» ነው የሚለው። በአዲሱ ሰፈር ቸርች ገባ፣ አገለገለ፣ ሽማግሌ ሆኖ ተመረጠ። ሰው ወድቆ አረፋ ሲደፍቅ «መንፈስ ነው» የሚሉ ሰዎች መሀል ተቀምጦ ለሌሎች ይጸልያል። ከበሽታው ይልቅ ያንን ቀይ ቀለም ነበር የሚፈራው።

የዚያ ሳምንት ጣጣ የጀመረው በጨጓራ ነው። ወር ሙሉ ሲያቃጥለው ከርሞ ሰኞ ዕለት ቤቴል ወደሚገኝ ክሊኒክ ሄድን። የወሰዱን ጋሽ ዳምጠው ናቸው፤ የአባቴ የአገልግሎት ጓደኛ፣ ባለ መኪና፣ በሰፈሩ ቃላቸው የሚደመጥ ሰው። ምርመራው የጨጓራ ባክቴሪያ አሳየ። ሐኪሟ ማዘዣውን ከመጻፏ በፊት ቀና ብላ ጠየቀች።

«ስኳር ወይም ደም ግፊት አለባቸው? ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

ጋሽ ዳምጠው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ እኔን አየኝ። ያንን አስተያየት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«የለም» አልኩ።

ሦስት ዓይነት መድኃኒት ታዘዘ። ሁለቱ አንቲባዮቲኮች ናቸው፤ አንደኛው ክላሪትሮማይሲን ይባላል። ሰኞ ማታ ጀመረ። ማክሰኞ ደህና ነበር። ረቡዕ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ቆየና «ፊደሉ ሁለት ሁለት ሆነብኝ» ብሎ ዘጋው። መነጽሩ አርጅቷል ብዬ አለፍኩት። ሐሙስ ምሰሶ አቀፈ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዳምጠው ቤታችን መጡ። የቀረበላቸውን ውሃ አልነኩም። ወንበራቸውን ወደ አባቴ አስጠጉና ጎንበስ አሉ። ትንፋሹን እያሸተቱ እንደሆነ ገባኝ፤ ጉንጬ ጋለ።

«ወንድም ዘለቀ፣ በጌታ ፊት እውነቱን ንገረኝ። ጠጥተሃል?»

«አል… ጠጣ… ሁም» አለ አባቴ። ምላሱ ተሳስሯል። ቃሉ ከሰካራም አፍ እንደሚወጣ ሆኖ ወጣ።

«ጋሽ ዳምጠው፣ አባቴ ታሟል እንጂ አልጠጣም!» አልኩ።

«እሺ፣ ምን አመመው?»

አባቴን አየሁት። ጋሽ ዳምጠው ተነሡ። በር ላይ ሆነው «እሑድ ማስታወቂያ የሚያነበው እሱ ነበር፤ ለጊዜው ሌላ ሰው ያንብብ» ብለው ወጡ። አባቴ ሰምቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዓርብ ጠዋት ባኞ ቤት ውስጥ ወደቀ። በሩን ገፍቼ ስገባ ጎኑ ላይ ተጋድሞ ያስመልሰዋል። ዓይኖቹ አንድ ቦታ አይረጉም፤ ወደ ጎን ወደ ጎን ይርገበገባሉ። እንደ ድሮው የወደቀ መስሎኝ ነበር፤ ግን አልተንፈራገጠም፣ ራሱንም አልሳተም። ባለ መኪና የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ዳምጠው ጋ ደወልኩ። ክብር ይስጣቸው፣ ወዲያው መጡ። እሳቸው በብብቱ፣ እኔ በእግሩ ይዘን መኪናው ውስጥ አስገባነው።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነው። እጅዎን ያንሡ፣ እግርዎን ይግፉ፣ ጣቴን ይከተሉ እያለ መረመረውና «ስትሮክ ሊሆን ይችላል» አለ። ሲቲ ስካን ተነሣ። ውጤቱ ንጹሕ ነው።

«የሚወስዱት መድኃኒት?» አለኝ።

የጨጓራውን መድኃኒቶች ስም ከነገርኩት በኋላ «ሌላ?» አለ።

ጋሽ ዳምጠው የአባቴን ጫማ በእጃቸው ይዘው ከጎኔ ቆመዋል። ከአልጋው ላይ አባቴ ያየኛል።

«የለም» አልኩ። ሁለተኛዬ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያደረግኩትን ለመጻፍ እጄ ይከብደዋል። የቫይታሚኑ ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ዓርብ ቀንም፣ ቅዳሜ ጠዋትም፣ ነርሷ ፊቷን ስታዞር ኪኒኑን በብርድ ልብስ ውስጥ በእጁ አስያዝኩት። ካቆመው ይወድቃል፣ ሰው ፊት ይንፈራገጣል ብዬ። የጨጓራውንም አቁሚ ያለኝ ስለሌለ ሰዓቱን ጠብቄ ሰጠሁት። እየረዳሁት መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ «አልማዝ» ብሎ ጠራኝ። አልማዝ እናቴ ናት።

ሐኪሙ መጣና አየው። ፊቱ ደስ አላለኝም። «ጭንቅላት ውስጥ ኢንፌክሽን እንዳይሆን የጀርባ ፈሳሽ እንወስዳለን» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዕድሜም አለ እንግዲህ» አለ።

ያቺ ቃል አነቃችኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተባልኩትን ሁሉ እየተቀበልኩ ነበር።

«ዶክተር፣ ሰኞ ጠዋት ዜና ሰምቶ ለእኔ ሲያብራራልኝ የነበረ ሰው ነው» አልኩት። «ዕድሜ በአምስት ቀን አይመጣም። ምን እንደነካው ሳላውቅ ከዚህ አልሄድም።»

አልተቆጣም። እንዲያውም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ልክ ነሽ። እሺ፣ በእነዚህ አምስት ቀናት ምን ተቀየረ? የበሉት፣ የጠጡት፣ የዋሉበት ቦታ፣ ሁሉንም አስቢ። እስከዚያ ይህን ከውጭ ገዝተሽ ነይ፤ እኛ ጋ አልቋል» ብሎ ማዘዣ ሰጠኝ።

ጋሽ ዳምጠው ከሁለት የቸርች ሰዎች ጋር አባቴን ለመጠየቅ እየገቡ ነበር። አልጋው አጠገብ ትቻቸው ወጣሁ። መንገዱን ስሻገር ቀኖቹን ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። ዓርብ ወደቀ። ሐሙስ ተንገዳገደ። ረቡዕ ፊደል ሁለት ሆነበት። ሰኞ ማታ ኪኒን ጀመረ። ከኪኒኑ በፊት ምንም የለም።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ነጭ ጋወን የለበሰች ልጅ ነበረች፤ መቅደስ ትባላለች፣ ስሟን በኋላ ነው ያወቅኩት። ማዘዣውን ተቀብላ ወደ መደርደሪያው ስትዞር «እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። የጨጓራውን መድኃኒቶች ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኳቸው። «እነዚህ ሰውን እንደ ሰካራም ያደርጋሉ?»

አንድ በአንድ አነሣች፣ አየች። «ለብቻቸው እንዲህ ማድረጋቸው እንጃ። አባትሽ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሰባ ሦስት።»

«ሌላ የሚወስዱት ነገር የለም?»

ሦስተኛ ጊዜ ተጠየቅኩ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እንዲያም ሆኖ አፌ «የለም» ሊል ተከፍቶ ነበር፤ ሃያ አራት ዓመት የለመደው ነዋ።

«ቫይታሚን ይወስዳል» አልኩና ጠርሙሱን አወጣሁ።

ክዳኑን ከፍታ አንድ ኪኒን መዳፏ ላይ አደረገች። አገላብጣ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ የክስ አስተያየት አልነበረም።

«ይሄ ቫይታሚን አይደለም።»

«አይደለም።»

«ስሙን ታውቂዋለሽ?»

«ካርባማዜፒን» አልኩ። ቃሉን ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። «የሚጥል በሽታ አለበት። ማንም አያውቅም። ለሐኪሞቹም አልተናገርኩም።»

መቅደስ የክላሪትሮማይሲኑን ማሸጊያ አንሥታ ከጠርሙሱ ጎን አስቀመጠችው። «ስሚኝ። ካርባማዜፒንን ከሰውነት የሚያስወግደው ጉበት ነው። ይሄኛው አንቲባዮቲክ ያንን የጉበት ሥራ ያዘገየዋል። አባትሽ የሚውጡት ያው የድሮው መጠን ነው፤ ግን ስለማይወጣ ደማቸው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ብዙ ኪኒን በአንዴ እንደዋጡ ይሆናሉ። መንገዳገድ፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ ማስመለስ፣ መደነባበር ያመጣል። በአረጋዊ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል።»

ባንኮኒውን ያዝኩ። «ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም በእጄ ሰጠሁት።»

«አሁን ለቅሶ አይደለም» አለችኝ። የሁለቱን መድኃኒቶች ስም በወረቀት ላይ ጽፋ ከሥር አሰመረችበት። «ሩጪ። ይህን ለሐኪሙ በእጁ ስጪው። ሳያይልሽ ከሁለቱ አንዱንም እንዳትሰጫቸው። ግን የሚጥል በሽታውን መድኃኒት በራስሽ ውሳኔ እርግፍ አታድርጊ፤ በድንገት ሲቋረጥ ሌላ አደጋ አለው። ሐኪሙ ይወስን።»

ሮጥኩ። የዕድሜዬን ያህል የሮጥኩት በዚያች መንገድ ላይ ነው።

ስደርስ ጋሽ ዳምጠውና ሁለቱ ሰዎች አባቴ አልጋ ዙሪያ ቆመው ይጸልያሉ። ሐኪሙ ሌላ በሽተኛ ጋ ነው። ነርሷ «ጠብቂ» አለችኝ። «አልጠብቅም» አልኳት፤ «ቢቆጣም ይቆጣ፣ ጥሪልኝ።» ድምፄ ሳላስበው ክፍሉን ሞላው። ጸሎቱ ቆመ። ሐኪሙ ዞር አለና መጣ፤ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው።

«ካርባማዜፒን ማነው የሚወስደው?» አለ።

ጋሽ ዳምጠው ያዩኛል። አባቴም በጭጋግ ውስጥ ሆኖ የሚያየኝ ይመስለኛል።

«አባቴ ነው» አልኩ። «የሚጥል በሽታ አለበት። ከሃያ ዓመት በላይ ይህን ኪኒን ሲወስድ ኖሯል። ዋሽቼሃለሁ። ዛሬ ጠዋትም ተደብቄ ሰጥቼዋለሁ።»

ከቸርች ሰዎቹ አንደኛው ከአልጋው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አየሁት። ጋሽ ዳምጠው ፊታቸውን አዙረው ወጡ።

ሐኪሙ ስለ ዋሸሁት ጊዜ አላጠፋም። አንቲባዮቲኩን ወዲያው አስቆመ። ካርባማዜፒኑን ለጊዜው አስቆመውና «መቼና በስንት እንደሚመለስ እኔ እነግርሻለሁ» አለኝ። የልብ ምርመራ ተነሣ፣ ደም ተወሰደ፣ ነርሷ በየሰዓቱ እንድታየው ታዘዘ። የጀርባው ፈሳሽ ቀረ። «የመድኃኒቱን መጠን በደም የሚለካ ምርመራ እዚህ የለም፤ ግን የነገርሽኝ ይበቃኛል» አለ። ዛሬም ድረስ ያቺ ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ ውስጥ አለች። የነገርኩት ይበቃው ነበር። ዓርብ ዕለትም ይበቃው ነበር።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ አባቴ ውሃ ጠየቀ። በስሜ ጠራኝ። ዓይኖቹ ረግተዋል። ወጥቼ የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ጋሽ ዳምጠው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ።

«ትላንት የወጣሁት አፍሬ ነው» አሉ። «ፌርማታው ላይ የተባለውን ሰምቼ አምኛለሁ። ለሁለት ሽማግሌዎችም ተናግሬያለሁ።» ቆይተው ደግሞ፣ «ግን ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ስጸልይ እንዴት አንድ ቀን አይነግረኝም?»

የዚያን ቀን ፍርሃት የሚባል ነገር አልቆብኝ ነበር። «ቢነግርዎት ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?»

እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩ።

«ልዋሽሽ? እጄን ጭኜ መንፈሱን ውጣ እለው ነበር። ኪኒኑንም አቁም፣ እመን እለው ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ እጸልይለታለሁ። ኪኒኑንም ሰዓቱን እንዲጠብቅ አስታውሰዋለሁ። ሁለቱ የሚጣሉ መስሎኝ ነበር።»

ማክሰኞ ቤት ገባን። ሐኪሙ ካርባማዜፒኑን መልሶ ጀምሮለታል፤ ጨጓራውን ደግሞ ከኪኒኑ ጋር በማይጋጭ ሌላ መድኃኒት እንደሚያክሙት ነገረን። ሁሉም ተስተካከለ ብዬ ነበር። አባቴ ግን አያናግረኝም። ኪኒኑን ስሰጠው ይውጣል፣ ብርጭቆውን ይመልሳል፣ ፊቱን ያዞራል። እንዲህ ሆነን ሁለት ሳምንት ሊሞላን ሆነ። አንድ ሁልጊዜ የሚጠይቁን ቤተሰብ መምጣት አቆሙ። አባቴ ቆጥሯቸዋል።

በሁለተኛው እሑድ ኮቱን ለብሶ ከክፍሉ ወጣና «እንሂድ» አለኝ። ቸርች ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ዳምጠው ከፊት ተነሥተው መጥተው ከጎኑ ተቀመጡ። ምስክርነት ያለው ሲባል አባቴ ቆመ።

«የሚጥል በሽታ አለብኝ» አለ። «መድኃኒት እወስዳለሁ። ይኸው ነው።» ተቀመጠ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለ። «ተናገርሽብኝ ብዬ ተቆጥቼ ነበር» አለኝ። «ሳስበው ግን ያስቀየመኝ መናገርሽ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ዝም ማለትሽ ነው። ዝምታውን ያስተማርኩሽ ደግሞ እኔ ነኝ። እና ማንን ልቆጣ?»

ውድ አንባቢዎቼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ መድኃኒት የማውቀው በአንድ ሳምንት የተማርኩትን ብቻ ነው። ግን እናንተም ቤት በሌላ ስም የሚጠራ ኪኒን ካለ፣ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ በእውነተኛ ስሙ ጥሩት። ለማስታወስ ከከበዳችሁ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ «ይሄ ከዚህኛው ጋር ይስማማል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሐኪሙ ቢረሳ እንኳ ፋርማሲስቷ አለች። ትላንት ደህና የነበረ አረጋዊ ዛሬ ሲደነባበር «እርጅና ነው» ሲሏችሁ ቶሎ አትስማሙ። በገዛ እጃችሁ ደግሞ አትጀምሩ፣ አታቁሙ። እኔ አባቴን ልገድለው የነበረው ከፍቅር ማነስ አልነበረም። ስሙን ስጠብቅለት ሰውነቱን ረሳሁት።

ከዚያ ምስክርነት ወዲህ የግቢያችን በር ብዙ ጊዜ ይንኳኳል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት መጣች፤ ከየት ሰፈር እንደሆነች አልተናገረችም። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። አባቴ ፊት ተቀምጣ ስለ ልጇ ማውራት ጀመረች፤ እየወደቀባት ነው፣ ትምህርት ቤት አስቀርታዋለች፣ ሐኪም ቤት ከመውሰድ ይልቅ ቤት ቆልፋበታለች። በሩን እያየች ነው የምታወራው፤ ድምፅዋ ሹክሹክታ ነው።

አባቴ መዳፉን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«ከፍ አድርገሽ ተናገሪ ልጄ» አላት፤ «ጆሮዬ ደክሟል።»

የአባቴ ጆሮ ደህና ነው።